የጎለመሰ ቀይ የቦርዶ ወይን ጠጅ፤ አቀማመሱና አመዛዘኑ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ እንድናገር ሲጋብዘኝ በመጀመሪያ ማመንታቴን አልሸሽግም። የሆቴልና የመስተንግዶ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ከአንድ ጠርሙስ የሚከብዱ ብዙ ጉዳዮች አሉና። ይሁን እንጂ ነገሩን ባሰላሰልኩት ቁጥር፣ አንድን የጎለመሰ ወይን ጠጅ በትክክል ቀምሶ በትክክል መመስከር የሙያችንን መሠረት የሚነካ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ግብዣውን በምስጋና ተቀብዬ በፊታችሁ ቆሜያለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የምናገረው ስለ ሩቅ አገር መጠጥ ቢሆንም መነሻዬ ከቤታችን ነው። ቀድሞ በአገራችን ግብር ሲበላ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት ጠብታ በመዳፉ ላይ አንጠባጥቦ ይቀምስ እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሥርዓቱ መርዝ ከመፍራት የመጣ ነው። ነገር ግን በዚያች ጠብታ ውስጥ ከመርዝ ፍርሃት የሚበልጥ ነገር ነበር። አሳላፊው «የማቀርብልህን ነገር እኔ አስቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ኃላፊነቱም የእኔ ነው» ማለቱ ነበር። ዛሬ መርዝ መፍራቱ ቀርቷል፤ ምስክርነቱ ግን አልቀረም፣ ሊቀርም አይገባውም።

ይህን የምለው በራሴ እጅ ከተፈጸመ ጥፋት ተነሥቼ ነው። በወጣትነቴ በአንድ የአውሮፓ ከተማ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ ምግብ ቤት፣ በወይን ጠጅ አሳላፊነት እሠራ ነበር። አንድ ምሽት በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት መጥተው የተጋቡበትን ዓመት የያዘ የቦርዶ ጠርሙስ አዘዙ። ዋጋው የእኔን የወር ደመወዝ የሚያህል ነበር፤ ከአለባበሳቸውም ከአነጋገራቸውም ለዚያች ምሽት ብለው ብዙ ጊዜ ያጠራቀሙ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። ጠርሙሱን ከፍቼ ቡሹን ሳሸተው የረጠበ ካርቶን የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ነካው። ከብርጭቆውም ባሸተው ያው ሆነ። ምን እንደ ሆነ ዐውቄዋለሁ። ሽማግሌው ፉት ብለው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና «እንዲህ ነው የሚሆነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቤቱ ኃላፊ ከበስተኋላዬ ቆሞ ነበር። እኔም «ዕድሜው ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው። እርሳቸውም አመሰገኑኝ፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ጠጡት።

በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እኔ ግን የሚነቅዝ ዝምታ መኖሩን ያን ምሽት ተማርኩ። ከእነዚያ ሰዎች የወሰድኩት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው የገዛ ምላሳቸው የነገራቸውን እውነት ትተው የእኔን ሐሰት አመኑ፤ ከዚያም ወዲህ የጎለመሰ ወይን ጠጅ ማለት የረጠበ ካርቶን የሚሸት ነገር ነው ብለው ሳይኖሩ አልቀሩም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ነው። ቀማሽ ማለት ምላሱና አፍንጫው የነገሩትን ከመለያው ወረቀትና ከዋጋው አስቀድሞ የሚያምን፣ ያመነውንም የሚናገር ምስክር ነው።

አገሩና ወይኑ

ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በጋሮን ወንዝ ዳር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ጋሮን ከከተማይቱ ወረድ ብሎ ከዶርዶኝ ወንዝ ጋር ሲገናኝ ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ሠርቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የአገሩ ሰዎች የወይን ቦታቸውን በውሃው ከፍለው «የግራ ዳር»ና «የቀኝ ዳር» ይሉታል። በግራው ዳር ያለው ሜዶክ ጠጠራማ ነው። ጠጠር ውሃ አይቋጥርም፤ ቀን የተቀበለውንም ሙቀት ያቆያል። ስለዚህ ዘግይቶ ለሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞን ለተባለው የወይን ዓይነት ይስማማዋል። ማርጎ፣ ሳን ዡሊያን፣ ፖያክና ሳንቴስቴፍ የተባሉት ስመ ጥር መንደሮች በዚሁ ወገን ይገኛሉ። በቀኙ ዳር፣ በሳንቴሚልዮንና በፖሜሮል፣ ሸክላማና የኖራ ድንጋይ ያለበት አፈር ስለሚበዛ ቀደም ብሎ የሚበስለው ሜርሎ የበላይነቱን ይይዛል፤ ካቤርኔ ፍራንም ያግዘዋል።

የቦርዶ ጠማቂ እንደ ልማዱ በአንድ ዓይነት ወይን ብቻ አይታመንም። የፀደይ ውርጭ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል፤ የመከር ጊዜ ዝናብ ዘግይቶ የሚበስለውን ቢጎዳ ቀድሞ የተለቀመው ይድናል። በመሆኑም ልዩ ልዩ ዓይነቶችን ለየብቻ ጠምቆ ቀምሶ ያዋሕዳል። ካቤርኔ አጥንቱን፣ ሜርሎ ሥጋውን ይሰጣል ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከዚያም የተሻለው ወይን ጠጅ 225 ሊትር በሚይዝ የባሉጥ እንጨት በርሜል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ በጠርሙስ ይሞላል።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ወይን ጠጅ ሁሉ በቆየ ቁጥር ይሻላል የሚባለው እውነት አይደለም። ከቦርዶ ከሚወጣው ቀይ ወይን ጠጅ እጅግ የሚበዛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት መቆየት የሚችለው ጥቂቱ ነው፤ እርሱም የሚችለው ከመነሻው በቂ ፍሬ፣ በቂ ኮምጣጣነትና በቂ ታኒን ይዞ ከተወለደ ነው። የመከሩም ዓመት ያው ለሁሉም አይሆንም። የ1996 ዓመት ለሜዶክ ካቤርኔ የተመቸ ነበር፤ የ1998 ዓመት ደግሞ ይበልጥ ያደላው ለቀኙ ዳር ሜርሎ ነው። እንግዲህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዓመት የልደት ቀን ነው እንጂ የመልካም ጠባይ ማስረጃ አይደለም።

ዕድሜ የሚሠራው ሥራ

ዕድሜ በጠርሙስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያላወቀ ቀማሽ የሚቀምሰውን ሊመዝን አይችልም። ወጣቱ ቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙን የሚያገኘው ከወይኑ ቆዳ ነው፤ ድድንና ምላስን የሚያደርቀውን ታኒን የሚያገኘው ደግሞ ከቆዳው፣ ከፍሬው ዘርና ከበርሜሉ እንጨት ነው። በዓመታት ብዛት ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይተልቃሉ፤ ከፊላቸውም እየከበደ ወደ ጠርሙሱ ሥር ይወርዳል። በጠጃችን ሥር አምቡላ እንደሚቀር ሁሉ በቆየ ቦርዶ ሥርም ዝቃጭ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዝቃጭ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ወይን ጠጁ ሻካራነቱን በመንገድ ላይ ጥሎ መምጣቱን ያመለክታል።

መዓዛውም እንዲሁ ይለወጣል። በወጣትነቱ ጎልቶ የሚሰማው የፍሬ ሽታ ነው፤ በተለይም በካቤርኔ ውስጥ ካሲስ የሚባለው የአውሮፓ ጥቁር ፍሬ። ከዚያ በላይ ከመፍላቱና ከበርሜሉ የመጣው ሽታ ይደረብበታል። ዓመታት ሲያልፉ እነዚህ ይለዝቡና ትምባሆ፣ ቆዳ፣ እንጉዳይ፣ የረጠበ የዛፍ ቅጠል፣ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው እንጨት ይተኩባቸዋል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የሀበሻ ጥድ እርሳስ ከሚሠራባቸው እንጨቶች አንዱ ነውና። ቀማሽ ከባዕድ መጽሐፍ የተዋሰውን ስም ከሚደጋግም ይልቅ አፍንጫው በልጅነቱ ያወቀውን ነገር ቢጠራ ምስክርነቱ ይበልጥ የታመነ ይሆናል።

ኮምጣጣነቱ ግን ከዕድሜ ጋር ብዙም አይቀንስም። ለዚህም ነው ጊዜው ያለፈበት ወይን ጠጅ ፍሬው ከሥሩ ስለሚከዳው ቀጭንና ኮምጣጣ መስሎ የሚታየው። ሌላው ወሳኝ ነገር አቀማመጡ ነው። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ በሚሆን ጸጥ ያለ፣ ጨለማና ጥቂት እርጥበት ባለው ምድር ቤት ተጋድሞ የኖረ ጠርሙስ በዝግታ ይጎለምሳል። በሞቃት አዳራሽ መደርደሪያ ላይ ለጌጥ ቆሞ የከረመው ግን ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል፤ ሳይጎለምስም ያረጃል። ይህን የምናገረው ውድ ጠርሙሶችን ከመጠጥ ቤታቸው መብራት ሥር ለሚደረድሩ ባልደረቦቼ ሁሉ ነው።

የቅምሻው ሥርዓት

የቆየ ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ዝቃጩ ወደ ሥሩ እንዲወርድ። በዚህ ጊዜ የጠጁን ከፍታ መመልከት ይገባል። እስከ አንገቱ የሞላ ከሆነ ደግ ነው። ወደ ትከሻው የወረደ ከሆነ አየር ሳይገባው አልቀረምና መጠራጠር ያስፈልጋል። ያረጀ ቡሽ በቀላሉ ስለሚፈረካከስ በዝግታ ይሳባል። ከዚያም ከጠርሙሱ አንገት በስተኋላ ሻማ ወይም ሌላ መብራት አድርጎ ሳያቋርጡ ቀስ እያሉ ወደ መስታወት ካራፍ መገልበጥ፣ ዝቃጩም ወደ አንገቱ ሲደርስ ማቆም ነው። ወጣት ወይን ጠጅ ሰዓታት ያህል አየር ቢያገኝ ሊጠቀም ይችላል፤ የሸመገለው ግን መዓዛው በአጭር ጊዜ ሊበተን ስለሚችል ሊቀርብ ሲል ቢገለበጥ ይሻላል።

ብርጭቆው ግልጥ፣ ባለ እግር፣ አፉ ከሆዱ የጠበበ ይሁን። በ1977 የወጣው ዓለም አቀፍ የቅምሻ ብርጭቆ ደረጃ 215 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ሲሆን የሚቀዳበት 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ባዶ ቦታ ለመዓዛው ነው። ሙቀቱም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። «በክፍሉ ሙቀት ይቅረብ» የሚለው የቆየ ደንብ የወጣው ለአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤቶች ነው እንጂ ለቆላ ከተማ አዳራሽ አይደለም።

ከዚህ በኋላ መጀመሪያ ዓይን ይፈርዳል። ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል አድርገን መሐሉንና ጠርዙን እንመለከታለን። ወጣቱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ የጎለመሰው እንደ ሮማን ፍሬ ቀልቶ ጠርዙ የጡብ መልክ ይይዛል፤ ያረጀው ቡናማ ይሆናል። ድፍርስ መሆን አለመሆኑንም እናያለን።

ቀጥሎ አፍንጫ ይሰማል። በመጀመሪያ ብርጭቆውን ሳናንቀሳቅስ፣ ከዚያም አዙረን እናሸታለን። ያለ ችኮላ ማሽተት ያስፈልጋል፤ የቆየ ቦርዶ እንደ አስተዋይ ሽማግሌ ነው፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ አይናገርም። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ የሚሰማው ከመጀመሪያው ፍጹም የተለየ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም አፍ ይፈርዳል። ጥቂት ፉት ብሎ በምላስ ላይ ማንሸራሸር፣ ትንሽ አየርም መሳብ ነው። የምንጠይቀው እነዚህን ነው። ፍሬው አለ ወይስ ደርቋል? ኮምጣጣነቱ ሕይወት ይሰጠዋል ወይስ ለብቻው ነጥሮ ወጥቷል? ታኒኑ እንደ ሐር ለስልሷል ወይስ አሁንም አፍ ይይዛል? አልኮሉ ያቃጥላል? ከሁሉም በላይ እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል? ከተፋነው ወይም ከዋጥነው በኋላ መዓዛው በአፍ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ መቁጠር ይገባል። ፈረንሳዮች ይህን በሴኮንድ ቆጥረው እያንዳንዱን ሴኮንድ ኮዳሊ ይሉታል። ብዙ ጠርሙስ የሚቀምስ ሰው መትፋት እንዳለበት የሚያሳፍር ነገር የለም። የቡና ቀማሾቻችን በማንኪያ እየሳቡ፣ እየተፉ፣ እያንዳንዱን ስኒ በእኩል ዓይን ይመዝናሉ፤ ምሳሌነታቸው ከቅርባችን ነው።

ጉድለትንና ዕድሜን ስለ መለየት

ጉድለትን ከዕድሜ መለየት አለመቻል፣ ወይም ለይቶ መደበቅ፣ በሙያችን ውስጥ ከባዱ ጥፋት ነው። የእኔም ጥፋት ይኸው ነበርና በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸተው ጠርሙስ በአብዛኛው የተበከለው በቡሹ ነው። መንሥኤው ባጭሩ ቲ.ሲ.ኤ. የሚባል ውሕድ መሆኑን የስዊስ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሳውቀዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ቢሊዮንኛ ግራም ቢገኝ እንኳ የሠለጠነ አፍንጫ ይሰማዋል። መጠኑ ሲያንስ ደግሞ ይበልጥ አሳሳች ነው። መጥፎ ሽታው ሳይሰማ ፍሬውን ብቻ ያጠፋዋል፤ እንግዳውም ጠጁ ደካማ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ ብክለት በዕድሜ የሚመጣ አይደለም፤ የትናንቱንም የሠላሳ ዓመቱንም ጠርሙስ ያው ይመታል። አየር ማስጎብኘትም አያድነውም።

የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ሽታ ከመጠን ያለፈ ተናኝ አሲድን ያመለክታል። ቡናማ ቀለምና የተቆረጠ፣ የቆየ ፖም ሽታ አየር እንደ ገባ ይነግረናል። የፈረስ ጋጣ ሽታ ደግሞ ብሬታኖሚሴስ ከሚባል እርሾ ይመጣል። በዚህኛው ላይ ቀማሾች አይስማሙም፤ ጥቂቱን የቀድሞ ቦርዶ ጠባይ ነው ብለው የሚወዱ አሉ፤ ሲበዛ ግን ፍሬውን እንደሚሸፍነው የሚክድ የለም። የእንጉዳይና የረጠበ ቅጠል መዓዛ በበኩሉ ጉድለት አይደለም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ጤናማውን ጠርሙስ ሊመልስ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ የአሳላፊው ግዴታ በትሕትና ማስረዳት ነው። «ዕድሜው ነው» የሚለው ቃል በትክክለኛው ቦታ ሲነገር እውነት ነው፤ እኔ በተናገርኩበት ቦታ ግን ሐሰት ነበር።

መለያው ወረቀትና ምላሱ

ይህን ሁሉ ካወቅን ለምን እንስታለን? የመለያው ወረቀት ስለሚያስፈራን ነው። በ1855 በፓሪስ ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ደላሎች የሜዶክን ቀይ ወይን ጠጆች፣ ከግራቭም ኦ ብሪዮንን ጨምረው፣ በአምስት ደረጃ መድበው ነበር። መለኪያቸው በዋናነት የገበያው ዋጋ ነበር። ያ መዝገብ ዛሬም ይሠራበታል፤ ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ጥቂት ለውጦች ዋነኛው በ1973 ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ማለቱ ነው። መዝገቡ ዋጋ የሌለው ነው አልልም። ነገር ግን የሚነግረን ስለ ቦታው ስም እንጂ በፊታችን ስላለው ጠርሙስ አይደለም።

በ1976 ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ በፓሪስ የሚኖር እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ ለፈረንሳውያን ዳኞች የካሊፎርኒያና የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጆችን መለያቸውን ሸፍኖ አቀረበ። በቀዮቹ መካከል አንደኛ የወጣው ስታግስ ሊፕ የተባለው የ1973 የካሊፎርኒያ ጠጅ ሲሆን ሙቶን ሮትሺልድና ኦ ብሪዮን ከበታቹ ሆኑ። ቦርዶ በዕድሜ ይበልጣል፣ ጊዜ ይፈርዳል ያሉ ነበሩ። ከ30 ዓመት በኋላ በ2006 ቅምሻው ሲደገም ግን አሁንም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ጠርሙስ ነበር።

በ2001 የታተመው የቦርዶ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ይበልጥ ትሕትናን ያስተምራል። ለ54 ቀማሾች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው፤ እነርሱም መዓዛውን ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ዓይን አፍንጫን መርቶ አሳተው ማለት ነው። ዓይን ይህን ካደረገ፣ ስምና ዋጋ የሚያደርጉትን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በተቻለ መጠን መለያውን ሸፍኖ መቅመስ፣ የተሰማንንም ከጎረቤታችን ቃል በፊት በወረቀት መጻፍ ለራሳችን የምንሠራው አጥር ነው።

አንድ ምሳሌ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር ተሸፍኖ የቀረበልንን አንድ ጠርሙስ እንዴት እንደ መዘንን ልንገራችሁ። ቀለሙ መሐሉ ገና የጠለቀ፣ ጠርዙ ግን የጡብ መልክ የጀመረ ነበር። በመጀመሪያው ማሽተት ዝግ ነበር፤ አንዱ ባልደረባችን «ሞቷል» ብሎ ጻፈ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የተቀረጸ እርሳስ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ ከሥሩም የደረቀ ሳይሆን የቀዘቀዘ ጥቁር ፍሬ መሽተት ጀመረ። በአፍ ውስጥ ኮምጣጣነቱ ንጹሕና ቀጥ ያለ ነው፤ ታኒኑ ለስልሷል፣ ግን አልጠፋም፤ መዓዛውም ከዐሥራ ሁለት ሴኮንድ በላይ ቆየ። «ከግራው ዳር፣ ካቤርኔ የሚበዛበት፣ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ በጤንነት ላይ ያለ፣ ገና ዓመታት የቀሩት» ብዬ ጻፍኩ። ሽፋኑ ሲነሣ የሳን ዡሊያኑ ሻቶ ሌዮቪል ባርቶን የ1996 ሆኖ ተገኘ። ከ1826 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለ፣ በ1855ቱ መዝገብ በሁለተኛ ደረጃ የተመዘገበ ነው።

ይህን የነገርኳችሁ ግምቴ ስለ ቀረበ አይደለም፤ በሌላ ቀን ብዙ ስቻለሁ። «ሞቷል» ያለው ባልደረባዬ የፈረደው ከመስማቱ በፊት ስለ ነበር ነው። እርሱም ከጊዜ በኋላ የጻፈውን ሰርዞ ሐሳቡን መለወጡን በሁላችን ፊት ተናገረ። በዚያ ገበታ ላይ ከሁሉም የሚበልጥ ቀማሽ እርሱ ነበር።

ፍርዱ

ቦርዶ ውስጥ የኖረውና በዘመናዊው የወይን ጠጅ ሳይንስ ስሙ የሚጠራው ኤሚል ፔይኖ በ1980 ስለ ወይን ጠጅ ቅምሻ የታወቀ መጽሐፍ አሳትሟል። ከእርሱ ወዲህ በአውሮፓ ከ20፣ በአሜሪካም በሮበርት ፓርከር ምክንያት ከ100 ነጥብ መስጠት ተስፋፍቷል። ነጥብ ለገበያ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእንግዳችን ግን አይበቃም። እኔ በጎለመሰ ጠርሙስ ፊት የምጠይቀው ሦስት ጥያቄዎችን ነው።

አንደኛ፣ ጤነኛ ነውን? ካልሆነ ስሙም ዋጋውም አይረዳውም፤ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ በዕድሜው የት ደርሷል? ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ጫፍ ላይ ነው፣ ወይስ እየወረደ ነው? እየወረደ ያለውም ቢሆን ውበት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ይህ በግልጽ መነገር አለበት። ሦስተኛ፣ ለማን፣ ከምን ምግብ ጋር፣ በምን ዋጋ? የለዘበ፣ መዓዛው የረቀቀ ጠጅ በርበሬ በበዛበት ወጥ ፊት ድምፁ አይሰማም፤ ቀለል ባለ የበግ ጥብስ ፊት ግን ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ከሦስቱ ጥያቄዎች በኋላ ብቻ «እወደዋለሁ» ወይም «አልወደውም» ማለት ይቻላል። መውደድ የእያንዳንዳችን መብት ነው፤ መመዘን ግን ለእንግዳው ያለብን ዕዳ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ እንዳይመስለን። በ1949 በቦርዶ የተመሠረተው የካስቴል ድርጅት በዝዋይ አካባቢ ወይን አስተክሎ በ2014 የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ አቅርቧል፤ ከተተከሉትም መካከል የቦርዶዎቹ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ ይገኙበታል። ይህ በአገር አፈር የበቀለ ወይን ነገ በእናንተ እጅ ለእንግዳ ሲቀርብ ያለ አድልዎና ያለ ንቀት የሚመሰክርለት ቀማሽ ያስፈልገዋል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከዚያ ምሽት ወዲህ ብዙ ጠርሙሶች በእጄ አልፈዋል። የተበከለ ጠርሙስ ሲያጋጥመኝ እንግዳው ሳይጠይቅ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ የቤቱ ኃላፊዎች ተቆጥተውኛል፣ እንግዳ ግን አንድም ቀን አልተቆጣኝም። እነዚያን ሽማግሎች ዳግመኛ አላየኋቸውም፤ ይቅርታ ለመጠየቅም አልታደልኩም። ስለዚህ ይቅርታዬን በእናንተ በኩል፣ በተለይም ገና ሥራ በጀመራችሁት ወጣቶች በኩል፣ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ። አንድ እንግዳ ፉት ብሎ ቀና ሲልና «እንዲህ ነው የሚሆነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ በመዳፉ እየቀመሰ ያሳለፈውን ያን የቀድሞ አሳላፊ አስታውሱ፤ የቀመሳችሁትንም ንገሩት።